የመቀሌ እንግዳ የት አደረ? ከንጉሥ ድርጎ እስከ ፈርኒሽድ አፓርታማ

ነሐሴ ተጋምሶ የአሸንዳ በዓል ሲቃረብ መቀሌ ውስጥ ለሁለት ሳምንት የሚከራይ ደህና ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከአዲስ አበባ የሚመጣው የከተማዋ ልጅ የወላጆቹ ቤት ይጠበዋል፤ ሆቴል ደግሞ ለቤተሰብ ይወደዳል። ስለዚህ ዕቃው የተሟላ ቤት ያፈላልጋል። ይህን ገበያ ብዙዎቻችን የምናውቀው ከላይ ከላይ ነው። አንዱ ስለ ደላሎቹ፣ ሌላው ስለ ገርዓልታ ሎጆች፣ ሦስተኛው ስለ አብርሃ ካስትል ሆቴል ይነግረናል። ነገሩ ከሥሩ ሲታይ ግን ሁሉም የአንድ ረጅም ታሪክ ክፍሎች ናቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ መቀሌ ማንን እንዳሳደረችና በምን ሁኔታ እንዳሳደረች ሦስት ነገሮች ሲወስኑ ቆይተዋል፦ መንገድ፣ ውሃ እና የቤቱ ባለቤት በቤቱ ላይ ያለው መብት።

እስከ 1881 ዓ.ም.፦ የንጉሥ እንግዳና የእግዜር እንግዳ

መቀሌ ከተማ ከመሆኗ በፊት የእንደርታ ገዥዎች መቀመጫ አንጣሎና ጨለቆት ነበሩ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ራስ ወልደ ሥላሴን ለማየት አንጣሎ ሲደርስ የሚከራይ አልጋ የሚባል ነገር አልነበረም። ባለሥልጣኑ የተቀበለው እንግዳ ማደሪያ ይሰጠዋል፤ ቀለቡም በድርጎ ይታሰብለታል። እንጀራው፣ ማሩ፣ ጠጁ፣ በጉ በእንግዳው ማዕረግ ልክ ተቆጥሮ ይቀርባል። የሚቀርበው ግን ከገዥው ጎተራ ብቻ አልነበረም። እንግዳው በሚያልፍበት አገር ያለው ገበሬ ከራሱ ጓዳ ያዋጣል። የንጉሥ እንግዳ ያለ ክፍያ የሚስተናገደው ሂሳቡን ገበሬው ስለሚከፍል ነበር።

ማዕረግ የሌለው መንገደኛ የነበረው መጠጊያ ሌላ ነው። ሲመሽበት ከሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። «ቤት የእግዜር ነው» ተብሎ ይገባል፤ እግሩን ይታጠባል፤ ከተገኘው ይቀምሳል። ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው። ይህ ልማድ ለሁለት ሦስት ሰው የሚበቃ ነበር፤ ሥራዬ ብሎ በየወቅቱ ለሚመላለስ ብዙ ሕዝብ ግን የሚበቃ አልነበረም።

ያንን ሕዝብ ያመጣው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው። ጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ከነገሠ በኋላ መቀሌን መናገሻው አደረጋት። በ1870ዎቹም ጣሊያናዊው ጃኮሞ ናሬቲ የተሳተፈበት የድንጋይ ቤተ መንግሥት አሠራ። ቤተ መንግሥት ባለበት ሠራዊት አለ፤ ሠራዊት ባለበት ገበያ አለ። የሰኞ ገበያዋ፣ እዳጋ ሰኑይ፣ ከደናክል ረባዳ የሚወጣው አሞሌ ጨው ወደ ደጋው የሚሰራጭበት ዋና በር ሆነ። ጨው ቆራጮቹና አርሆ የሚባሉት ሲራራ ነጋዴዎች ግመልና በቅሎ እየነዱ በበረሀሌ በኩል ይወጣሉ። የጨው ሥራ የሚደራው ቆላው ቀዝቀዝ በሚልባቸው ወራት ነውና የመቀሌ የመጀመሪያ ወቅታዊ እንግዶች እነዚህ ነጋዴዎች ናቸው ማለት ይቻላል። የሚፈልጉት ቤት እንስሳቱ የሚያድሩበት ሰፊ አጥርና በቅርብ የሚገኝ ውሃ ያለው ነበር። የራሳቸው መኝታ ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው።

ከ1881 እስከ 1933 ዓ.ም.፦ ምሽጉ፣ ግንቡና የጣሊያን መንገድ

መጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቀ። የአገሪቱ ማዕከል ወደ ሸዋ ሲዞር የመቀሌ የንጉሥ እንግዶች ቁጥር አብሮ መነመነ። የጨው ነጋዴው ግን መምጣቱን አልተወም። ከቤተ መንግሥቱ በኋላ ከተማዋን ያኖራት ገበያዋ ነው።

በ1888 ዓ.ም. መግቢያ ያልተጋበዘ እንግዳ መጣ። የጣሊያን ጦር በእንዳየሱስ ኮረብታ ላይ መሸገ። ምሽጉ በመድፍና በጥይት ሊበገር አልቻለም። እቴጌ ጣይቱ ግን ጣሊያኖቹ የሚቀዱበት ምንጭ እንዲያዝ አደረጉ፤ ውሃ የተጠማው ጦርም ጥር ላይ ምሽጉን ለቆ ወጣ። በመቀሌ ውሃ ያልያዘ ሰው እንደማይሰነብት ይህ ታሪክ ቀድሞ አሳይቷል። ኮረብታው ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው።

በዚያው ዘመን ግድም መኳንንቱም የየራሳቸውን ግንብ ይሠሩ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የደጃዝማች አብርሃ አርአያ ግንብ ከከፍታ ላይ ሆኖ ከተማዋን ይመለከታል። ከጊዜ በኋላ ወደ ሆቴልነት ተለውጦ አብርሃ ካስትል ተባለ። የመኳንንት እልፍኝ ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ የሚከፈት ክፍል መሆኑ ትንሽ ለውጥ አይደለም። ቀድሞ እዚያ ቤት የሚታደረው በማዕረግ ነበርና።

ገንዘብ ከፍሎ ማደርን በመላው ሰሜን ያስፋፋው ግን የጣሊያን ወረራ ነው። መቀሌ ጥቅምት 1928 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላ ከአሥመራ ተነሥቶ በአዲግራት፣ በኲሓ፣ በማይጨውና በደሴ አልፎ አዲስ አበባ የሚደርስ የመኪና መንገድ ተሠራ። መኪና የሚነዳ ሰው የሰው ደጅ ቆሞ «አሳድሩኝ» አይልም። ነዳጅ፣ ምግብና አልጋ መንገዱ ዳር ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1938 የጣሊያን የቱሪዝም ማኅበር ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ወፍራም የመንገደኛ መምሪያ አሳተመ። አገሩን በመንገድ ከፋፍሎ ለጎብኚ የሚያስተዋውቅ መጽሐፍ ነበር። ያ ጎብኚ ታዲያ ነጭ መሆን ነበረበት፤ በዘር ሕጉ መሠረት የአገሩ ሰው ከጣሊያኑ ጋር በአንድ ቦታ እንዲስተናገድ አይፈቀድም ነበር። አልቤርጎ ከመንገዱ ጋር ወደ ትግራይ ሲገባ ባለአገሩን ከደጅ አቁሞ ነው።

ከ1933 እስከ 1967 ዓ.ም.፦ አውቶቡስ፣ አውሮፕላንና የአባ ተወልደ መድኅን ዝርዝር

ጣሊያን ወጥቶ መንገዱ ቀረ። አውቶቡስና የጭነት መኪና በየከተማው እያደሩ መጓዝ ጀመሩ። ሾፌርና ተሳፋሪ የሚያርፍባቸው አልቤርጎዎች በዋናው መንገድ ዳር ተበራከቱ። ብዙውን ጊዜ የሚያስተዳድሯቸው ሴቶች ነበሩ፤ ከፊት ለፊት ምግቡና መጠጡ፣ ከጓሮ በረድፍ የተሠሩ ጠባብ ክፍሎች። ዋናው መንገድ የሚያልፈው ግን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ኲሓ ነበር። ወደ መቀሌ የሚገባው እዚያው ጉዳይ ያለው ሰው ብቻ ነው።

በ1950ዎቹ ሁለት ነገሮች ተለወጡ። ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የትግራይ ጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪ ሆነው መንገድ ማሠራትን ዋና ሥራቸው አደረጉት። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የአገሪቱን የቱሪስት ድርጅት አቋቁመው «የ13 ወር ፀጋ» በሚል መሪ ቃል ኢትዮጵያን ለዓለም ማስተዋወቅ ጀመሩ። ኢትዮጵያን እንደ ዕረፍት ማሳለፊያ ለዓለም ለመሸጥ የተደረገ የመጀመሪያው የተደራጀ ሥራ ይህ ነው። ጎብኚው በአየር መንገዱ አውሮፕላን ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን እንዲዞር ታቀደ። መቀሌ ከዚህ ዙር ውጭ ቀረች። ገበያ እንጂ ሐውልትም ፋሲል ግቢም የላትምና።

የመቀሌን ዕድል የቀየረው አንድ የሃይማኖት ሰው ነው። በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በትግራይ የሚገኙ ከአለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትን ረጅም ዝርዝር አቀረቡ። የላሊበላን 11 ቤተ ክርስቲያናት ብቻ ያውቅ የነበረው የምሁራን ዓለም ከዚያ የሚበልጥ ቁጥር በትግራይ ተራሮች ውስጥ እንዳለ ተረዳ። አጥኚና ፎቶ አንሺ አብያተ ክርስቲያናቱ ወደሚገኙበት ወደ ገርዓልታ ተራሮች መውጣት ጀመረ። ለእነዚህ ሰዎች ቅርቧ ከተማ መቀሌ ነች። ከተማዋ ለሌላ ቦታ መነሻ የሆነችበት፣ የጎብኚ ማረፊያነቷ የታሰበበት ዘመን እዚህ ላይ ይጀምራል። ግን አልቆየም።

ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.፦ ቤት የማይከራይበት ዘመን

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። አንድ ሰው ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ሊኖረው አይችልም፤ ቤት አከራይቶ መኖርም ቀረ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ተዛወሩ። ትልልቆቹ ሆቴሎችም ተወረሱ። አዋጁ ለብዙ ተከራይ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ለእንግዳ ብሎ አንድ ክፍል የሚጨምር፣ ጣሪያ የሚያድስ፣ መታጠቢያ የሚሠራ ሰው ጠፋ። የእጁን ፍሬ እንደማያገኝ ያውቃልና።

እንግዳውም ቢሆን እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም። ከቦታ ቦታ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ሲመሽ ሰዓት እላፊ አለ፤ እንግዳ ያሳደረ ቤተሰብ ለቀበሌ ያሳውቃል። በገጠሩ በደርግና በአማፂያኑ መካከል ያለው ጦርነት ስለበረታ የገርዓልታ መንገድ ለጎብኚ ተዘጋ። በ1977ቱ ረሃብ ወደ መቀሌ የገባው ሕዝብ ከከተማዋ ዳር በመጠለያ ሰፈረ፤ ሆቴል የሚያስፈልጋቸው የእርዳታ ሠራተኞችና ጋዜጠኞች ብቻ ሆኑ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ለገርዓልታ ተራሮች ቅርብ የሆነችው ሐውዜን በገበያ ቀኗ ከአየር ተደበደበች። በየካቲት 1981 ዓ.ም. የደርግ ጦር መቀሌን ለቆ ወጣ።

ከ1983 እስከ 2012 ዓ.ም.፦ ሎጅ፣ ቱር ድርጅትና ቢጫ ካርድ

ከ1983 በኋላ ቤት ሠርቶ ማከራየት እንደገና ተፈቀደ። በመቀሌ የግል ሆቴሎች አንድ ሁለት እያሉ ተነሡ፤ አክሱም፣ ሚላኖ፣ በኋላም ፕላኔት የከተማዋ መታወቂያ ሆኑ። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ይህን ጅምር በአጭሩ ሊቀጨው ተቃርቦ ነበር። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. በአይደር ትምህርት ቤት ላይ ቦምብ ሲወድቅ ሕፃናት ሞቱ፤ በሰሜን ያለው ድንበርም ለ20 ዓመት ተዘጋ። በዚያው የጦርነት ዘመን መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ፤ ጉባኤውም፣ ምረቃውም፣ የተማሪ ወላጁም ለሆቴሎቹ ገበያ ሆነ።

የዕረፍት ቤት በትግራይ መልክ የያዘው በዚህ ዘመን ነው። የመጀመሪያው መንገድ ሎጅ ነው፤ በአንድ ወቅት የተደበደበችው ሐውዜን አጠገብ ገርዓልታ ሎጅ ተሠራ። ቤቶቹ ከአካባቢው ድንጋይ፣ ህድሞ በሚባለው የገበሬ ቤት አሠራር የተገነቡ ናቸው። ግድግዳው ወፍራም በመሆኑ ቀን ሙቀቱን፣ ሌሊት ብርዱን ይከላከላል፤ ደጁ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ለፊቱ የአቡነ የማታ ገደል የሚገኝበትን የተራራ ሰንሰለት ያያል። ገበሬው ለዘመናት ሲኖርበት የነበረው ቤት ጎብኚ ርቆ መጥቶ ገንዘብ የሚከፍልበት ሆነ። ሌሎች ሎጆችም ተከተሉ።

ሁለተኛው መንገድ የማኅበረሰቡ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሰሜን ወሎ መቄት የተጀመረው የተስፋ ማኅበረሰብ ቱሪዝም ወደ አዲግራት አካባቢ ተሻግሮ እንደ ኤናፍ፣ ኤራርና ሽምብሪቲ ባሉ መንደሮች የእንግዳ ማረፊያ ተሠራ። ጎጆው የመንደሩ ነው፤ አብሳዩም፣ መንገድ መሪውም፣ አህያ ጫኙም የመንደሩ ሰው ነው፤ ገቢውም ለመንደሩ ይገባል። በድርጎ ዘመን እንግዳ ሲመጣ ያጣ የነበረው ገበሬ አሁን እንግዳ ሲመጣ ማግኘት ጀመረ። ከታሪኩ ሁሉ ትልቁ ለውጥ ይህ ይመስለኛል።

ሦስተኛው የደናክል ጉዞ ነው። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው ዳሎልና ወደ ኤርታሌ እሳተ ገሞራ የሚሄደው ጎብኚ መነሻና መመለሻው መቀሌ ሆነች። ቱር ድርጅቶች በላንድክሩዘር ለሦስት ለአራት ቀን እየወሰዱ ይመልሱ ነበር። ከኅዳር እስከ የካቲት የከተማዋ ሆቴሎች ከቆላ በተመለሱ፣ አቧራና ጨው በጠገቡ ጎብኚዎች ይሞሉ ነበር፤ ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው መታጠቢያ ነበር። የቀድሞው የጨው ነጋዴ መንገድና ወቅት ሳይለወጥ ተጓዡ ተለወጠ። ጥር 2004 ዓ.ም. በኤርታሌ 5 ጎብኚዎች በታጣቂዎች ሲገደሉ ግን ይህ ገበያ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ ታየ። ከዚያ ወዲህ የጉዞው የታጣቂ እጀባ ተጠናከረ።

አራተኛው፣ ለከተማዋ ነዋሪ ደግሞ ዋነኛው፣ የዲያስፖራው ክረምት ነው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በሌላ አገር ዜግነት የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ በቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ መግባትና በአገሩ ሀብት ማፍራት ቻለ። ቤት ገዛ፤ ሠራ። ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ከሚዘጋም በወንድሙ ወይም በእህቱ በኩል ማከራየት ጀመረ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ኮንዶሚኒየም ሲስፋፋም ለዚህ የሚመች አነስተኛ ቤት በዛ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጀመረው ኤርቢኤንቢ በሌላው ዓለም የሰውን ቤት ከእንግዳ ጋር በስልክ መተግበሪያ ሲያገናኝ፣ በመቀሌ ያንኑ ሥራ የሚሠሩት ደላላና ዘመድ ነበሩ።

ደላላው እንዴት ቤት እንደሚያሳይ ለተመለከተ የገበያው ጠባይ ይገባዋል። ፎቶው አስቀድሞ በፌስቡክ ወይም በቫይበር ተልኳል፤ ሶፋው፣ ጠፍጣፋው ቴሌቪዥን፣ የተነጠፈው አልጋ። ብልህ ተከራይ ግን አጎቱን ወይም አክስቱን ይልካል። እትዬ ሳሎኑን ገረፍ አድርገው ያልፉና ቀጥታ ወደ ማድቤት ነው፤ ቧንቧውን ይከፍታሉ። «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ሮቶው ስንት ሊትር ይይዛል? ፓምፑ መብራት ሲጠፋ ይሠራል ወይ?» መልሱ ካላማረ ሶፋው አያድነውም። የመቀሌ የውሃ ችግር የታወቀ ነውና የቤቱን ዋጋ የሚወስነው ከጣሪያ ላይ የተቀመጠው ሮቶ ነው። ያልተስማማ ይሄዳል፤ የተስማማ ቀብድ ይከፍላል፤ ደላላው ኮሚሽኑን ይቀበላል። ውል በጽሑፍ መያዝ ግን ብዙም አልተለመደም ነበር፤ ዘመድ ዋስ ነው።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በዛላምበሳ ድንበሩ ሲከፈት የዚህ ገበያ ከፍታ መጣ። ከአሥመራ የሚመጣው ሕዝብ የመቀሌን ጎዳና፣ ሆቴልና የዘመድ ቤት ሞላ። ለ20 ዓመት ያልተያዩ ቤተሰቦች አንድ ጣሪያ ሥር አደሩ። ድንበሩ ከወራት በኋላ መልሶ ቢዘጋም፣ መንገድ ሲከፈት ከተማዋ ምን ልትሆን እንደምትችል ሁሉም በዓይኑ አይቷል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም.፦ ቤት እንደገና የእግዜር

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተጀመረ። ኅዳር 19 ቀን የፌዴራሉ ጦር መቀሌ ገባ፤ ሰኔ 21 ቀን ለቆ ወጣ። ከዚያ በኋላ ባንክ፣ ስልክና መብራት ተቋረጡ፤ በረራም ቆመ። ሎጆቹ ባዶ ቀሩ። ያለ ባንክና ያለ ስልክ የኪራይ ገበያ የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም።

እንግዳ ግን ከምንጊዜውም በላይ በዛ። ከምዕራብ ትግራይና ከሌሎች አካባቢዎች የተፈናቀለው ሕዝብ ትምህርት ቤቶችን ሞላ። ትምህርት ቤት ያልበቃው በሰው ቤት ተጠጋ። ለዲያስፖራ ተብሎ የተዘጋጀ ክፍል ለተፈናቀለ ዘመድ ሆነ፤ በአንድ ሳሎን ሁለት ሦስት ቤተሰብ አደረ፤ ያለችውን ተካፍሎ በላ። ሆቴሉም፣ ቱሪዝሙም፣ ደላላውም ሲቆሙ ከተማዋ የቀራት ጥንታዊው ሕግ ነበር። የሰው ቤት ሸክሙን ተሸከመ።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ጦርነቱን የሚያቆም ስምምነት ተፈረመ። ታኅሣሥ 19 ቀን የአየር መንገዱ በረራ ወደ መቀሌ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች ወላጆቻቸውን ፍለጋ የሄዱ ልጆች ነበሩ።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ፦ ገበያውን እንደገና ማቆም

አሸንዳ ወደ አደባባይ ተመለሰ፤ ዲያስፖራውም ከእሱ ጋር። የዕረፍት ቤት ማስታወቂያ አሁን በቴሌግራምና በቲክቶክ ይዘዋወራል፤ ቀብድ በባንክ ወይም በቴሌብር ይላካል። ገርዓልታም ጎብኚ ማየት ጀምራለች። ይሁን እንጂ ተፈናቃዩ ሁሉ ወደ ቀዬው አልተመለሰም፤ ለከተማዋ ውሃ ተስፋ የተጣለበት የጊባ ግድብም በጦርነቱ ምክንያት ተጓትቷል።

ይህ ታሪክ ለአከራዩም፣ ለተከራዩም፣ ለከተማው አስተዳደርም የሚለው አለው። አከራዩ በማስታወቂያው ላይ ከሶፋው ፎቶ በፊት የሮቶውን መጠን፣ ውሃ የሚመጣበትን ቀንና የመብራቱን ሁኔታ ይግለጽ። ይህን በሐቅ የጻፈ ሰው በሚቀጥለው ዓመት እንግዳው ራሱ ይፈልገዋል። ተከራዩም ለአንድ ሳምንትም ቢሆን የጽሑፍ ውል ይያዝ፤ ዘመድ ዋስ የሆነበት ስምምነት ሲፈርስ ከገንዘቡ ጋር ዝምድናውም ይጎዳል። ከተማው ደግሞ ቤታቸውን ለእንግዳ የሚያከራዩ ሰዎችን ለግብር ብቻ ሳይሆን ለአገልግሎት ጭምር ይመዝግባቸው። ከ1967 አዋጅ የምንማረው ባለቤቱ መብቱ ካልተጠበቀለት ለእንግዳ የሚሆን ቤት እንደማይሠራ ነው።

በመቀሌ ገዥ ተለዋውጧል፤ ምሽግ ፈርሷል፤ ሆቴል ተወርሶ ተመልሷል። በእያንዳንዱ ዘመን እንግዳውን በመጨረሻ የተቀበለው ግን የነዋሪው ቤት ነው። በጦርነት ያለ ክፍያ ያስጠለለ ይህ ቤት በሰላም ጊዜ ለባለቤቱ እንጀራ ሊሆነው ይገባል። ለዚህ የሚያስፈልገው የተከፈተ መንገድ፣ የማይቋረጥ ውሃና በሕግ የተጠበቀ መብት ነው፤ ሦስቱንም ማሟላት የመንግሥት ግዴታ ነው።